ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን

ሀይሌ ጋርመንት፣ ከታክሲ መያዣው ገባ ብሎ ባለው የአረጋሽ ጌም ቤት ዛሬ የኳስ ጌም ፍጻሜ አለ፤ የሀና ማርያም ልጆች ከመካኒሳ አቦ ልጆች ጋር። አምና ይኸው ፍጻሜ በድብድብ አልቆ የአከራይዋ የእትዬ ወርቅዬ መስኮት ረግፏል።

"ስሚ አረጋሽ" ብለዋታል እትዬ ወርቅዬ፣ "ዘንድሮ ጠብ ከተነሳ ዕቃሽን ሰብስበሽ ትወጪልኛለሽ። ብወድሽም ያው ነው።"

የአምናውን ጠብ ያስነሳው ጥርጣሬ ነበር፤ አንዱ ወገን ሌላውን "ማሽኑን ነካክታችኋል" ብሎ። ስለዚህ አረጋሽ ቁልፎቹ በተለያየ ሰው እጅ የሚያዙበት የዕድር ሳጥን ትዝ አላት። ማሽኑ የሚቀመጥበትን የእንጨት ሳጥን ሁለት ጓጉንቸር አደረገችበት። አንዱ ቁልፍ የሀና ማርያም አምበል ቸኮል ኪስ፣ ሌላው የመካኒሳው አምበል ኤልዳድ ኪስ ገባ። ሁለቱም ካልተስማሙ አይከፈትም።

እንቅልፍ የነሳት ግን ማሽኑ ራሱ ነበር። ልጆቹ የሚወዱትን የድሮ ጌም የሚያጫውተው ኮንሶል ሲዲ ማንበብ አቁሟል፤ ሌንሱ ደግሞ ገበያ ላይ የለም። ከቢሮ የተወገደ ኮምፒውተር አምጥታ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ኮንሶሉ የሚያሠራ ኢሙሌተር ጫነችበት። ኮምፒውተሩ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ደካማ ቺፕ ነው። መጀመሪያ ስታስነሳው ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ የሚሮጡ መሰሉ፤ ድምፁም ተቆራረጠ።

ቴክኒክና ሙያ የተማረች ናትና አንድ በአንድ ያዘችው። የምስሉን መጠን ወደ ኮንሶሉ የቀድሞ መጠን አወረደች። ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዘጋች። ቺፑ ሜሞሪ የሚጋራው ከኮምፒውተሩ ነውና ከሌላ ማሽን አንድ ሜሞሪ ነቅላ ጨመረችለት። ያኔ ነፍስ ዘራ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሙሉ ጨዋታ ሞከረች፤ አንዴም አልተጎተተም። ግን የረሳችው ነገር ያለ እየመሰላት ሳጥኑ ሲቆለፍ ቆማ አየች።

የመጀመሪያው አጋማሽ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ቸኮል ሁለት ለአንድ እየመራ፣ ኤልዳድ ኳስ ይዞ ወደ ጎል ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ቀስ አለ።

"ምንድነው ይሄ!" ኤልዳድ ጮኸ። "ላገባ ስል ነው የሚጎተተው? አረጋሽ፣ ሸጥሽን እንዴ?"

"ማሽኑን ተውና ጣትህን ጠርጥር" አለ ቸኮል።

"ጣቴን? ና ውጣና ላሳይህ!"

ከኋላ የተቀመጡት ተነሱ። አንድ ወንበር ተገለበጠ። አረጋሽ እጇን ሳጥኑ ላይ ስታሳርፍ እንደ ካውያ አቃጠላት። ያኔ ገባት። የሞከረችው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ተቆልፎበት አልሞከረችውም! ትንሿ ኮንሶል በዚህ ሳጥን ውስጥ ዓመታት ችላለች፤ ይሄኛው ግን ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቺፑንም ይዞት ይወርዳል።

"ፖዝ አድርጉት! ሙቀት ነው። ቁልፍ አምጡ፣ ይከፈት።"

ኤልዳድ ቁልፉን ወረወረላት። ቸኮል ኪሱን ጨበጠ።

"አልከፍትም። ሕጉን ያወጣሽው ራስሽ ነሽ። ተነክቶ ቢጠፋ ሁለት ጎሌን ማን ይመልስልኛል?"

እውነቱን ነው፤ ጭንቋን ያባሰውም ትክክል መሆኑ ነው። ከግቢው የእትዬ ወርቅዬ ድምፅ መጣ። "አረጋሽ! ምንድነው ጫጫታው?"

"ምንም የለም እትዬ፣ ኳስ ነው!" አለች ወደ ግቢው እየጮኸች።

ካቻቢቴዋን አነሳች። "ቁልፍህን ያዝ። የምፈታው ጀርባውን ነው። አንተ በዚህ፣ ኤልዳድ በዚያ ቁሙ። ማሽኑን አልነካውም፣ እጄን እዩ።"

ሳጥኑን አዙራ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረች። ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ አዳለጣት። የመጨረሻው ብሎን ጭንቅላቱ ተልጦ አልፈታ ሲላት እንጨቱን ገንጥላ አወጣችው። የታመቀው ሙቀት ፊታቸው ላይ ወጣ።

"እንዴ፣ ሳውና ነው እኮ!" አለ ኤልዳድ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቸኮል አልሳቀም።

ቬንትሌተሩን አስጠግታ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀቻቸው። ጨዋታው ሲቀጥል ኳሱን አላየችም፤ ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የፍጥነት ቁጥር ላይ ነበር። ወረደ፣ ወጣ፣ ከዚያ ረጋ። ኤልዳድ አገባና እኩል ሆኑ። ፍጹም ቅጣት ምት ደረሰ። የቸኮል የመጨረሻ ምት አግዳሚውን ገጭቶ ወጣ።

የመካኒሳ ልጆች ዘለሉ።

"ተጎተተ በል እንጂ!" አለ አንዱ የሀና ማርያም ልጅ።

ቸኮል የተገነጠለውን ሳጥን አየ፣ ከዚያ አረጋሽን አየ።

"ምን ይጎተታል" አለ በመጨረሻ። "ቸኩዬ ነው የመታሁት።" ጆይስቲኩን አስቀምጦ ጓደኞቹን "ተነሱ፣ እንሂድ" አላቸው።

ሲወጡ በር ላይ የደረሱትን እትዬ ወርቅዬን ተራ በተራ ሰላም አሏቸው። እትዬ ወርቅዬ አንገታቸውን አስግገው ገቡ።

"ማን አሸነፈ ታዲያ?"

አረጋሽ ወንበር ስባ ዘጭ አለች። ኤልዳድን በጣቷ አሳየቻቸው።