ሚዛን ዲስትሪቢዩተር ሲመርጥ

የልጄ ባል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከመኪናዋ የወጣውን አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ነጭ ጋዝ ውስጥ እየነከረ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል። ብሩሹ የእኔ ነው። የራሱን ለምን እንዳልተጠቀመ ብጠይቀው፣ «የእርስዎ ለስለስ ይላል፣ እማማ» አለኝ። ይህን ከመወሰኑ በፊት የቤቱን ብሩሾች ሁሉ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ሲሞክር አይቼዋለሁ።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ሚዛን ይለዋል። ሳይመዝን የሚያደርገው ነገር የለም። ጫማ ሊገዛ ወጥቶ ካልሲ ይዞ ይመለሳል። «ጫማውን እያሰብኩበት ነው» ይላል። ልጄን ለማግባት አራት ዓመት አስቦበታል። በመጨረሻ ልጄ ራሷ ቀኑን ቆርጣ ነገረችው፤ እሱም «ጥሩ ቀን ነው» ብሎ እፎይ አለ። ክፋት የለበትም። አንዱን ሲመርጥ ሌላው የሚከፋው ይመስለዋል፤ ሰው ቀርቶ ዕቃም ቢሆን።

ሥራው ሕፃናትን ትምህርት ቤት ማድረስ ነው። ጠዋት ጠዋት ዘጠኝ ሕፃናት ከየደጃፋቸው ያነሳል። ልጄ ረዳት ሆና በር ትከፍታለች፣ ቀበቶ ታስራለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች። መኪናዋ አርጅታለች፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ በየመስቀለኛው መንገድ እየተንቀጠቀጠች ትጠፋ ጀመር። ሁለት ጠዋት ልጆቹ አርፍደው ገቡ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት አስጠርታ በትሕትና ነገረችው። «አንድ ጠዋት ከተደገመ ሥራውን ለአውቶቡስ ድርጅት እንሰጠዋለን። ወላጆች አላስቀምጥ አሉኝ።» ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መኪናዋ መነሳት አለባት። ካልተነሳች የሚዛን ሥራም የልጄም ሥራ በአንድ ቀን አበቃ ማለት ነው።

ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ብሎን ይባላል፤ አጭርና ድፍን ስለሆነ ነው። አርብ ዕለት ኮፈኑን ከፍቶ የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ በሁለት ጣቱ ነቀነቀው።

«ይኸው፣ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። ተበልቷል።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ እኔም ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ሞተሩ አራት ቦታ እሳት ይፈልጋል። ይህ ዕቃ ውስጡ እየዞረ በአራት ገመድ ለአራቱም በየተራቸው እሳት ያድላል። ተራው ከተዛባ ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ይተኩሳል።

«ሁለት ዓይነት አለ» አለ ብሎን። «አንዱ መኪናዋን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ያወጣው ኦርጅናል ነው። ልክክ ብሎ ይገባል። ግን ውስጡ ያው እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚሰጠው የድሮው ፑንቲና ነው፤ በየጊዜው ካላስተካከልከው ያኮርፋል። ሌላው ሌላ ፋብሪካ በልኩ የሠራው ነው። ፑንቲና የለውም፣ በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚሠራው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ዕድሜውን ግን አልምልልህም።»

«የቱን ልግዛ?»

«ደስ ያለህን።»

እንዲህ ያለው መልስ ለሚዛን መርዝ ነው።

«አንተ እኔን ብትሆን የቱን ትገዛለህ?»

«እኔ አንተን ብሆን ድሮ አብጄ ነበር። አገባቡን ታውቀዋለህ፣ ስንቴ አብረን አውጥተነዋል። እኔ ዘመድ ልጠይቅ ነው፤ እስከ ሰኞ የለሁም። ብቻ ስታወጣው በምን በኩል እንደነበር ምልክት አድርግ፣ ገመዶቹንም በተራ ጻፍባቸው።»

ከመለዋወጫ ሱቅ የተመለሰው ሁለት ካርቶን አቅፎ ነው። የሱቋ ባለቤት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትሰማው ቆይታ፣ «ሁለቱንም ውሰድ፤ ያልፈለግከውን ሰኞ ትመልሳለህ። ብቻ ክርንህን ከባንኮኒዬ ላይ አንሳልኝ» ብላዋለች።

ሁለቱን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አቆማቸው። እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ ይዘን በላን። አንዱን ያነሳል፣ ይነቀንቃል፣ ያስቀምጣል። ሌላውን ያነሳል።

«ዓይንህን ጨፍነህ አንዱን ክተት» አለችው ልጄ።

«ዓይን ተጨፍኖ ይመረጣል? ዘጠኝ ልጅ እኮ ነው የምጭነው።» ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍምና ሁለቱንም ካርቶን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። በኦርጅናሉ ላይ «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። በሌላው ላይ «ከሕፃናት ይራቅ» ይላል።

«ይኼኛው ለአንተ ሥራ አይሆንም» አልኩት።

ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሚዛን ግን አልሳቀም፤ ለኦርጅናሉ አንድ ነጥብ ጨመረለት።

ቅዳሜ አሮጌውን አወጣው። ብሎን እንዳዘዘው በገመዶቹ ላይ ጻፈ፤ የጻፈው ግን ቁጥር አይደለም። «ቁጥር ይምታታብኛል፣ ልጆቼ አይምታቱብኝም» አለና፣ በአራት ቁራጭ ካርቶን ላይ ጠዋት መጀመሪያ የሚያነሳቸውን የአራት ልጆች ቅጽል በቤታቸው ተራ ጽፎ በየገመዱ ጫፍ አሰረ። እንቅልፌ፣ ነካሹ፣ አልቃሻዋ፣ ጠያቂዋ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያን አሮጌ ዕቃ መፈተግ ያዘ። የሚጣል ዕቃ ለምን እንደሚያጥብ አልጠየቅሁትም። መሰናበቻ መሆኑ ነው።

ሚዛን በየቅዳሜው ለመኪናዋ ወንበሮች አዲስ የስም ካርቶን ይጽፋል፤ ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ያኝኩታል። ቀለሙ እንዲደርቅም ገመድ ያገኘበት ሁሉ ይሰቅለዋል፤ ልብስ ማስጫ ላይ፣ የመጋረጃ ክር ላይ፣ አንዴም የእኔ መነጽር ማንጠልጠያ ላይ። ልጄ በዚያው ቅዳሜ መኪናዋን ልታጥብ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። በተከፈተው ኮፈን ሥር ተሰቅለው የሚወዛወዙትን ስሞች አየችና ቆመች። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ።

«ይኼ ሰውዬ ደግሞ ነካሹን ከአልቃሻዋ አጠገብ ሊያስቀምጥ ነው? ባለፈው የነከሳት ጆሮዋ ገና መዳኑ ነው» አለች። አልቃሻዋንና ጠያቂዋን ፈትታ አቀያየረቻቸው። እኔም የገመዱን ነገር ረስቼ በልቤ፣ እሰይ የእኔ ልጅ፣ አልኩ። ነካሹን አውቀዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት ሚዛን ኦርጅናሉን ገጠመ። ገመዶቹን በስማቸው እየጠራ ሰካቸው። ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ አስነጠሰች፣ ከዚያ ተኮሰች። የጎረቤት ድመት ከአጥሩ ላይ ወደቀች።

ለብሎን ደወለለት። ስልኩ ስለሚጮህ ሁላችንም ሰማን።

«ገመዶቹን በተራ ሰክተሃል?»

«በልጆቹ ተራ ነው የሰካሁት። ስድስት ዓመት የሄድኩበት መንገድ ነው፣ እንዴት እሳሳታለሁ?»

«እንግዲያው ዕቃው ነዋ። ሌላውን ሞክር።»

ኦርጅናሉን አውጥቶ ካርቶኑ ላይ ሲያስቀምጠው እንደ ከዳው ወንድም ነበር የሚያየው። ሌላውን ገጠመ። እንቅልፌን፣ ነካሹን፣ አልቃሻዋን፣ ጠያቂዋን እየጠራ ሰካ። መኪናዋ አስነጠሰች፤ አሁን ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ድመቷ ግን ቀድማ ሄዳለች።

«ሁለቱም የማይረቡ ናቸው» አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በማይረቡ መካከል ሳማርጥ።»

ስልኩን አውጥቶ የርዕሰ መምህርቷን ቁጥር ፈለገ። ነገ እንደማይመጣ ሊነግራት ነው። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ቀረ፤ መደወሉንም መመዘን ጀመረ። ባሕርይው አንድ ቀን ጠቀመን አልኩ። በዚያች ጊዜ ተነስቼ ወደ ሞተሩ ሄድኩ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም፤ የተጻፈ ስላለ ላነብ ነው። እንቅልፌ፣ ነካሹ። እጄን በካርቶኖቹ ላይ ሳሳልፍ የአልቃሻዋ ካርቶን ክር የተቋጠረው በእሱ ዓይነት ቋጠሮ አልነበረም። ያ ቋጠሮ የልጄ ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ነይ እስቲ» አልኳት። «ትናንት እነዚህን ያቀያየርሽው የወንበር መስለውሽ ነው?»

«የምን ናቸው ታዲያ?»

ሚዛን ቀና አለ። «ምኑን ነው ያቀያየረችው?»

«አልቃሻዋን ከነካሹ አርቄያታለሁ» አለች ልጄ። «ማንም እናት የምታደርገውን ነው ያደረግሁት።»

«ይኼ እኮ ወንበር አይደለም፣ የእሳቱ ተራ ነው።»

«እሳቱም ቢሆን ነካሹ አጠገብ አልቃሻ አይቀመጥም።»

ሚዛን ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ግን ቁጣውንም ሲመዝን ሳቁ ቀደመው። ገመዶቹን አስተካክሎ ሰካ። ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሳል እንኳ ሳታሰማ ተነሳች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ሆነ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠው የሻይ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ መንጫጫቱን ያቆመ መሰለኝ። ልጄ እልል ልትል ስትል ፊቱን አየሁት። ጠቁሯል።

«አሁንስ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ኦርጅናሉም ደህና ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ያለ ጥፋቱ ሰደብኩት። ይኼን አውጥቼ እሱን መልሼ ብገጥመው ይሻላል መሰለኝ።»

«ብረት አይቀየምም» አልኩት።

«እሱስ አይቀየምም። ግን ሁለቱም ከሠሩ የቱ ነው የሚሻለው?» ካቻቪቴውን አነሳ።

ልጄ ኦርጅናሉን ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው፣ በገመድ ጠፈረችው፣ ካቻቪቴውን ከእጁ ወሰደች፣ ሁለቱንም የእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈች። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። «የገባው ይቆያል» አለችው። «ጥሩ ነው» አለ፤ ያኔ የሠርጉ ቀን ሲቆረጥለት እንዳለው ሁሉ እፎይ ብሎ።

ሰኞ ዘጠኙም ልጆች ደወል ሳይደወል ገቡ። ከቀትር በኋላ ልጄ ኦርጅናሉን ራሷ ይዛ ሄዳ ለሱቋ ባለቤት መለሰች። ይኸው አምስተኛ ወራችን ነው፤ አንድ ጠዋት አልቀረንም፤ ርዕሰ መምህርቷም ለሚቀጥለው ዓመት ውል ፈርማለች።

ሚዛን ግን የእኛን የምትመስል መኪና ባየ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እባክህን፣ እባክሽን። መብራት ላይ ቆማችሁ አንድ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ከኋላው ሕፃናት የጫነ፣ አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ፣ የእርስዎ ዲስትሪቢዩተር ኦርጅናል ነው?» ካላችሁ፣ ብታውቁም አላውቅም በሉት። መንዳት ብቻ ነው የማውቀው በሉትና መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን አሳዩልኝ።