ዳኛው ሾፌር

አባቴን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልስልንን የሚኒባስ ሾፌር «ዳኛው» እለዋለሁ። መቼም አነዳዱ አይታማም፤ ፍሬቻ ሳያሳይ አይታጠፍም፣ ዜብራ ላይ ድመት ብትሻገር እንኳ ይቆማል። ችግሩ የሌላው ሰው ጥፋት ነው። ቀይ መብራት የጣሰ ካየ ችሎት ይቀመጣል፤ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ፈራጅ። አባቴን እስክናወርድ ድረስ ፋይሉ አይዘጋም።

እኔም ከእሱ አልሻልም። አባቴ ጡረታ የወጣ የትራፊክ ፖሊስ ነው፤ እኛ ቤት በትራፊክ ሕግ አይቀለድም። የሚገርመው እሱ ራሱ ኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ማለቱ ነው። ሕመሙ ያደከመው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት ሆስፒታሉ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ፣ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ስንገባ ነጭ መኪና በተቃራኒ መጥታ ፊት ለፊታችን ተገተረች። ዳኛው ሞተሩን አጥፍቶ እጁን አጣጠፈ። ባለ ነጯ መኪናም እንደዚያው። የእጥበት ማሽኑ የሚጠብቀን እስከ ሁለት ተኩል ነው፤ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ አባቴም ከነእብጠቱ ሁለት ቀን ይከርማል። ይህን እያወቅሁ «እንዳትነቃነቅለት» አልኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሩብ ሰዓት እንዲሁ ሄደ። ከዚያ የኋላው በር ሲከፈት ሰማሁ። አባቴ ባበጠ እግሩ ወርዶ፣ የመኪናውን ጎን ተደግፎ ቆሟል። ነጯን መኪና ሊያስመልሳት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን አየት አድርጓት ወደ እኛው መኪና ኋላ ዞረና፣ በሥራ ዘመኑ እንደሚያደርገው ቀጥ ብሎ እጁን አነሳ።

«ጥፋተኛው እሱ ነው» አለው ዳኛውን። «አንተ ግን ወደ ኋላ ና።»

ዳኛው ሞተሩን አስነሳ። ማርሽ አስገባ። አባቴ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ በእጁ እየመራ እስከ መታጠፊያው አወጣን። ሰውየው ይቅርታ እንኳ ሳይል ሽው ብሎ አለፈ። ደሜ ፈላ።

ሁለታችን ደግፈን መኪናው ውስጥ ስናስገባው የአባቴ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ዳኛው ግን አላስቻለውም።

«አባባ፣ ታርጋውን ይዤዋለሁ።»

«ታርጋውን ተወው፣ ልጄ» አለው አባቴ። «ስንት ሰዓት ሆነ?»