«አልቋል» ያሉት ሽማግሌና መዝገበ ቃላት

ጆሮ ያላችሁ ሁሉ ቆማችሁ አድምጡ፤ የተቀመጣችሁም ብትነሡ አይከፋም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎረቤት፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተርጓሚ፣ የአንድ ጠረጴዛ፣ የሁለት ወንበርና የአንድ ክብ ማኅተም ባለቤት፣ በሰፈሩ አጠራር «መዝገበ ቃላት»፣ ከዛሬ ጀምሮ የሁለት ሠራዊት አፍ ሆነው ተሹመዋል። ጦር መርከብ በእሳቸው ምላስ ይሄዳል፣ በእሳቸው ምላስ ይቆማል።

አዋጁ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ «እሱ» እንለዋለን፤ «እሳቸው» የሚያሰኝ ሥራ አልሠራም።

ሹመቱ የተገኘው በሰው ሕመም ነው። የጦር መሣሪያ መርማሪዎች ከውጭ መጡ፣ አስተርጓሚያቸው ታሞ ተኛ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መንጃ ፈቃዱን ያስተረጎመበትን ቤት አስታወሰ። በቃ። መዝገበ ቃላት አውቶቡስ ሰልፍ ላይ የማያውቀውን ሰው ንግግር የሚያርም ሰው ነው። ሚስቱ ብትታመም እንኳ መጀመሪያ አነጋገሯን አርሞ ነው ሐኪም የሚጠራው። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠሩት «እስኪ ላስብበት» አይልም፤ ክራቫቱን ፍለጋ ይሮጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሰባተኛው የጦር መሣሪያ መጋዘን በር ላይ ዋለ። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ በጠባቂው፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት በቀራቸው ሃምሳ አለቃ እጅ ነው፤ ሌላው ለሁለት ቀን ከከተማ በወጣ አለቃቸው ኪስ ውስጥ። ስለዚህ በሩ አልተከፈተም፤ ወሬው ግን ተከፈተ።

የመርማሪዎቹ አለቃ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘች ረጅም ሴት፣ «እዚህ የነበሩት ሮኬቶች ነገር ምን ደረሰ?» ብላ አስጠየቀች።

ሃምሳ አለቃው በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እሱማ አልቋል» አሉ። «ድሮ ነው ያለቀው።»

ቤትም ያልቃል፣ ዘይትም ያልቃል። ቤት ሲያልቅ ይገባበታል፤ ዘይት ሲያልቅ ጠርሙሱ ይጣላል። ይህን አፉን የፈታ ሕፃን ያውቀዋል። መዝገበ ቃላት ግን ያን ዕለት ክራቫት አስሯል፤ ክራቫት ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሲጠብቅ ቀላል ቃል አያሳልፍም። ጉሮሮውን ጠራርጎ በውጭ ቋንቋ «ሥራው ከተጠናቀቀ ቆይቷል» አላት።

ብዕሯ ቆመ። ቀና ብላ «እርግጠኛ ነው?» አለች።

ሽማግሌውን እየጠየቀች ነበር። እሱ የቋንቋ ችሎታው የተነካ መሰለው። ጥያቄውን ለባለቤቱ ሳያደርስ፣ በገዛ ሥልጣኑ፣ «በሚገባ» ብሎ መለሰ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ሸረሪት ድርና እግሩ የተሰበረ ወንበር። እንደ ወጉ ቢሆን ባዶ መጋዘን ሁሉንም ደስ ባሰኘ ነበር። ግን ተጠናቋል የተባለ ሮኬት በቦታው ከሌለ ተደብቋል ማለት ነው። ራዲዮ የመርማሪዎቹ አገር ጦር መርከቦች ወደዚህ መነሣታቸውን ተናገረ። በዚህኛው ወገን ደግሞ ጥሪ ወጣ፤ የመዝገበ ቃላት ሚስት ወንድም፣ ከመቀስ በስተቀር ስለት ጨብጦ የማያውቅ ፀጉር አስተካካይ፣ ቅዳሜ እንዲዘምት ወረቀት ደረሰው። ሻንጣውን እህቱ ቤት ኮሪደር ላይ አስቀመጠ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ከወጥ ቤት «ዘይቱ አልቋል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልቋል አልኩህ። ዛሬ ደግሞ ምኑን ልታርመው ነው?» ብላ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ አሳየችው። ጠብ የሚል ነገር የለም።

መዝገበ ቃላት ግድግዳ ይዞ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ሳቀበት። «ጋሼ፣ ለኔ መዝመት ያልደነገጥከውን ለዘይት ትደነግጣለህ?»

መዝገበ ቃላት ወረቀት አውጥቶ «ስሕተቱ የእኔ የተርጓሚው ነው» ብሎ ጻፈ። አነበበው። ወረቀቱ ሰዋስው አልጎደለውም፤ ድፍረት የጎደለው እሱ ነው። አገር ሊያስፈጅ ለነበረ ሰው የጋብቻ ወረቀቱን ማን ያመጣለታል? ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በዚያው ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

ሃምሳ አለቃው ናቸው፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ያን ቀን ምን ነበር ያልኩት? አለቆቼ ‹ለምን ተጠናቋል አልክ› እያሉ ያፋጥጡኛል። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬም አላውቅ።»

«‹አልቋል› ነው ያሉት።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ሰው ነበር። አላቆመም። «ቃሉ አሻሚ ነው፣ አባባ። ግልጽ አድርገው መናገር ነበረብዎት።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እኔኮ ተፈታተው ለብረት ማቅለጫ ሄደው አልቀዋል ማለቴ ነበር። አፌ ነው። ሟች ባለቤቴም ‹ነገር ታሳጥራለህ› ትለኝ ነበር። ይቅር በለኝ ልጄ፣ አንተንም አሳጣሁህ።»

እሳቸው ይቅርታ ጠየቁት። እሱም «ግድ የለም» አላቸው።

«ይህንኑ ለሴትዮዋ ትጽፍልኛለህ?»

ጻፈ። «እኔ ፊርማዬ ከታች የሚገኘው፣ በንግግሬ ጉድለት ምክንያት...» ብሎ ጀመረ። ‹አልቋል› ማለት ‹የለም› ማለት እንደነበር በሁለት ቋንቋ አሳምሮ አብራራ፤ ዕውቀቱ አብሮት ነበር ለካ። ክብ ማኅተሙን ረገጠበት። ሽማግሌው ፈርመው፣ ትከሻውን ስመው፣ «ተባረክ» ብለውት ወጡ።

ሚስቱ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ደብዳቤው ስሕተት የለበትም?» አለችው።

«የለበትም።»

«አንድም?»

ያላሰረውን ክራቫት ሊያላላ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

ደብዳቤው ደረሰ። ሴትዮዋ ብረት ማቅለጫው ድረስ ሄዳ መዝገቡን አየች፤ መርከቦቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተደረገ፤ ለምርመራው ሁለት ወር ተጨመረ። ሻንጣው ከኮሪደሩ ተነሣ። ለመዝገበ ቃላት የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ሚስቱን የት ልስቀለው ቢላት ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ሃምሳ አለቃው ግን «በአንደበቱ አገር ሊያስፈጅ የነበረ» ተብለው ከሥራ ተባረሩ።

አሁን ከገበያው ጀርባ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። ቦታ ካለ በጣታቸው ቁጥሩን ያሳያሉ፤ ከሌለ ሁለት እጃቸውን ያጣምራሉ። «አልቋል» አይሉም፤ ምንም አይሉም። መዝገበ ቃላት ስሕተቱ የእሱ መሆኑን ሊነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄዷል። ሦስቱንም ጊዜ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ስለ ደብዳቤው አመሰገኑት፤ ምስጋናውን ተቀብሎ ተመለሰ። ያቺ የታጠፈች ወረቀት አሁንም ኪሱ ውስጥ አለች።

እንግዲህ አንባቢ፣ እርስዎ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ እዚህ ድረስም እየሳቁበት መጥተዋል። በዚያ በኩል ካለፉ እባክዎ ሞተርዎን አጥፍተው ይውረዱና፣ «አባባ፣ አፍዎ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው» ብለው ይጀምሩላቸው፤ ከዚያ እሱ ሦስት ጊዜ ሄዶ ያልተናገረውን እርስዎ ይጨርሱት።