የሌሊት ውኃ ተራ

ውኃዬን ወሰዱብኝ። በጉልበት አይደለም፣ በሌብነትም አይደለም። በስብሰባ፣ በጭብጨባ ነው የወሰዱብኝ። አብሬ አጨብጭቤያለሁ።

ቀያችን ከመካነ ሰላም ወደ ታች ሲወረድ፣ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት ባለው ረባዳ ላይ ነው። ከወንዟ የተጠለፈ ቦይ አለን። አያቶቻችን ቆፈሩት፣ ተራውንም እነሱ ደለደሉት። ቀኑ የላይኞቹ፣ ሌሊቱ የታችኞቹ። አባቴ መሬቱ ከታች ስለነበር የሌሊት ተረኛ ነበር፤ ሲሞት ማሳውንና ሌሊቱን ለእኔ ተወልኝ። ሌሊት ማጠጣት ብርድ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጅብ ነው። ግን ውኃው ይመጣ ነበር። ሰው ተኝቶ የእኔ ነጭ ሽንኩርት ይጠጣ ነበር።

ያ ነጭ ሽንኩርት ነው ልጄን ከቤት ያቆየልኝ። ትልቋ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ሀሁ ያልኩት በሷ እጅ ነው። እኩዮቿ ዐረብ አገር ሄደው ለወላጆቻቸው ቆርቆሮ ቤት አቁመዋል። «የዘንድሮው ከተሸጠ ከተማ ወጥቼ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ካልሆነ ግን እሄዳለሁ፣ አባዬ። ያን ጊዜ እንዳትከለክለኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማሳዬን አምኜ ነው እሺ ያልኩት።

ፕሮጀክት መጣ። በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ወንዟ ላይ ተተከለ፤ ውኃውን ኮረብታው ላይ ወዳለ ሮቶ እየገፋ በቧንቧ ያከፋፍላል ተባለ። የውኃ ማኅበር ተቋቋመ፣ የሚስቴ ወንድም ሊቀመንበር ሆነ። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ «ማሽኑ አዲስ ነው፣ ተራው ግን የአያቶቻችን ነው። የማንም ተራ አይነካም!» አለ። ያጨበጨብነው ያኔ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ፓምፑ እንደሚቆም ሁላችንም ሰምተናል። ይህንንና ያንን አንድ ላይ ያሰበ ግን አልነበረም።

ተራዬ ሲደርስ አካፋዬን ይዤ ወረድኩ። እንቁራሪቷ እንኳ ዝም ብላለች። ቦዩ ውስጥ እጄን ብከት ደረቅ አሸዋ ዘገንኩ። ፓምፑ ቀን ቦዩ የሚጠለፍበትን የወንዟን ኩሬ ሲያልብ ይውላል፣ ሌሊት ኩሬው ራሱን ሲሞላ ያድራል፤ ወደ ቦዩ የሚተርፍ የለም። ሮቶውንም የቀን ተረኛው ጀምበር ሳታዘቀዝቅ አሟጦታል። መብቱ ነዋ።

በነጋታው አማቼ፣ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ከአንድ የላይኛው ሰው ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ተራህን ማን ነካብህ?» አለኝ።

«ተራዬማ አለ። ውኃው ነው የሌለው።»

«እንግዲህ ከፀሐይ ጋር ተጣላ! እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

የላይኛው ሰው «አብሽር፣ በጨረቃ የሚሠራ ሲመጣ አንደኛ አንተን እናስመዘግባለን» ብሎ ሳቀ። አማቼ ሳቁን ለመደበቅ ስልኩን ነካካ።

«ከቀኑ ቆርጣችሁ ስጡኝ።»

«የማንን? እህቴን ያገባህ ሰው ነህ። ላንተ ብቆርጥ ዘመዱን አጠጣ አይሉኝም? ደግሞ የተራ ቅሬታ የሚነሣው በቦይ ጠረጋ ቀን፣ የውኃ አባት ባሉበት ነው። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። በየዓመቱ ቦዩን አንድ ላይ ስንጠርግ ነበር ቅሬታ የሚሰማው። አሁን ቧንቧ አለ፤ ቦይ የሚጠርግ ሰው የለም። ጠረጋ ከሌለ ቀኑም የለም። ተራውን የሚዳኙት የውኃ አባታችንም ታመው ከላላ ወረዳ፣ ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። ላክሁባቸው። «ሲሻላቸው» የሚል መልስ መጣ።

አልዋሽም፣ ላይኛው ሰፈር ተለውጧል። አይሱዙ ማሳ ድረስ መጥቶ ሽንኩርት ይጭናል። የውጭ እንግዶች መጥተው ፎቶ አነሡ። እኔ ሰፈር የመጣው ልጆችን ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ ብቻ ነው። ደላላው ቤት ለቤት አይዞርም። መንገዱ ዳር ቆሞ ማሳ ያያል። ቅጠሉ የገረጣ ማሳ ካየ ባለቤቱን ሰላም ይላል። አንድ ቀን የእኔን አጥር ተደግፎ አገኘሁት።

«እንዴት ዋልክ ወንድሜ፣ ሰብሉ እንዴት ነው?»

«አይተኸው የለ! ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ኧረ ለሰላምታ ነው» አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጄ ስልክ ለማንሣት ከቤት ውጭ መውጣት ጀመረች። እናቷ አየች፣ እኔም አየሁ። በባልዲ ውኃ እያመላለስኩ ጥቂት መደብ አጠጣሁ። ሌላው ከጫፉ እየነደደ ወደ ሥሩ ወረደ።

አንድ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ደሴ ሄደች። አልከለከልኳትም፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ከደሴ ደወለች። ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩበት ባሕር ጋ ከመድረሷ በፊትም አንዴ ደውላ «ብዙ ነን፣ አታስብ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም።

የውኃ አባት በበቅሎ ተመለሱ። እስላም ናቸው፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም የሚከበሩ ሽማግሌ። ቤቴ መጥተው ማሳውን አዩና አፋቸውን ያዙ።

«ልጅቷስ?» አሉኝ።

«ሄዳለች፣ አባቴ።»

«አላህ ያግኛት» አሉና ወዲያው ለቀዬው ሁሉ የቦይ ጠረጋ ጠሩ። ሰው አጉረመረመ፤ «ደረቅ ቦይ ለማን ይጠረጋል?» የሚል ነበር። እርግማናቸውን ፈርቶ ግን አንድም የቀረ የለም። ከላይ እስከ ታች ደረቅ አሸዋ ዛቅን። አቧራው ፊታችንን ሲያለብሰን ሁሉም ከታች ያለውን ማሳ በየተራ አየው፤ የሳቀ አልነበረም። ያ በጨረቃ የቀለደብኝ ሰው አጠገቤ ሲቆፍር ውሎ አንዴ እንኳ ቀና አላለም።

ሲጨርሱ የውኃ አባት ቦዩ ዳር ቁመው ሌሊቱን ሰረዙት። ሁሉም በቀን ይጠጣል፣ ሁሉም ከተራው ይቀነስበታል። አማቼ መጀመሪያ እሺ አለ። ቧንቧውንም ራሱ ወደኔ ማሳ ከፈተው።

«ይኸው መጣልህ» አለኝ።

«ለየትኛው ሽንኩርት?» አልኩት። ውኃው በደረቀው መደብ ላይ ተንጣለለ፣ መሬቱ ሲጠጣው ይሰማል። ሚስቴ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ከቤት አልወጣችም።

የውኃው ጉዳይ ያለቀው የካቲት ሃያ ቀን ነው፤ የልጄ ስልክ ግን ዛሬም አይጠራም።