ሽማግሌ ይዤ ፒኤ ስኩል ሄድኩ
ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ቅዳሜ... ለጋብቻ እንደሚኬደው ሽማግሌ ይዤ፣ ልጄ ልትማርበት የምትመኘው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ልቀጥል።

ልጄ ሶስና እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች ናት። መሆን የምትፈልገው ፊዚሽያን አሲስታንት፣ በአጭሩ ፒኤ ነው... እኛ ጤና መኮንን እንደምንለው ዓይነት፣ ከሐኪም ጋር ሆኖ የሚያክም ባለሙያ። ዩኒቨርሲቲ እያለች ላብራቶሪ ውስጥ ሪሰርች ጀምራ ነበር። እናቷ ካንሰር ይዟት አልጋ ላይ ስትውል ግን ጥላው ቤት ገባች። እኔ መጋዘን ሺፍት ላይ ነኝ። እስከ መጨረሻው ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሰጠቻት እሷ ናት።

ባለቤቴን ከቀበርን በኋላ ልጄ ልታመለክት ስትነሳ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ያገኘሁት ሁሉ «ሪሰርች ከሌላት አይቀበሏትም» ይለኝ ጀመር። የእገሌ ልጅ በሪሰርች ገባ፣ የእገሊት ልጅ ሪሰርች አጥታ ቀረች... እኔ አሥራ ሁለተኛን ያልጨረስኩ ሰው፣ ሪሰርች ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ልጄ የተወችው ለእኛ ብላ ነው። ከቀረችም በእኛ ምክንያት ቀረች ማለት ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለአመልካቾች ማብራሪያ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ፣ የነፍስ አባታችንን ቀሲስንና ጎረቤታችንን እትዬ አስካለን ለመንኳቸው። ሁለቱም ሶስና ስታስታምም በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ሰው ጉዳዩን በምስክር ካላስረዳ በምን ያስረዳል?

ቀሲስ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ፋልከንሪጅ ሰፈር፣ እትዬ ደጃፍ ላይ ጠበቁን። ሶስና መኪና ውስጥ ሲገቡ ስታያቸው ወደ እኔ ዞራ «አባዬ... ፕሊስ» አለች። መኪናውን አስነሳሁ።

ማብራሪያው ሲያልቅ ገለጻውን የሰጠችውን ሴትዮ ከበብናት። ቀሲስ ሊባርኳት መስቀላቸውን ሲዘረጉላት፣ እንደ እጅ ጨበጠችው። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኳት... ሪሰርቹን ለምን እንደተወችው፣ ስለዚህ ይቅር እንዲሏት። እትዬ አስካለ ከጎኔ ሆነው በአማርኛ «እኔ ምስክር ነኝ» ይላሉ።

ሴትዮዋ ደግ ናት። አልሳቀችብንም። «ሪሰርች ቢኖር ጥሩ ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። እኛ ይበልጥ የምናየው ከታማሚ ጋር የተሠራ ሥራ ነው» አለችኝ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለቀሲስ ስተረጉምላቸው አማተቡ። «እንግዲያው እናቷን ያስታመመችው አለላት» አልኳት።

ሴትዮዋ እጄን ያዘች። የባለቤቴ ሐኪም በመጨረሻዋ ቀን እንዲሁ ይዞኝ ነበር... ስለዚህ ከመናገሯ በፊት አወቅሁት።

«በባለቤትዎ በጣም አዝናለሁ» አለች። «ግን ቤተሰብን ማስታመም አይቆጠርም።»

እትዬ አስካለ «ምን አለች?» አሉኝ። መተርጎም አቃተኝ። ሶስና ናት በዚያች በጎደለች አማርኛዋ የነገረቻቸው።

«እማዬ አትቆጠርም።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቀሲስ ቀስ ብለው «በሰማይ ተቆጥሮላታል» አሉ። አሜን አልኩ። ከልቤ ነው... ማመልከቻው ግን የሚገባው በምድር ነው።

ሁለቱን ካወረድን በኋላ ሶስና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «እኔ ኦልሬዲ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ቢቆጥሩትም ፎርሙ ላይ አላስገባትም ነበር፣ አባዬ። እማዬ የኔ ፔሸንት አልነበረችም።»

እስካሁን ጸሎት ላይ ስቆም ራሴን እጠይቃለሁ... ያን ሁሉ ምስክር ያሰለፍኩት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ የራሴን ሸክም ለማቅለል?

አሁን ዋይትሆርን ሰፈር አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ትሠራለች። የማታውቃቸውን እናቶች ታጥባለች፣ ታገላብጣለች።

እሱ ይቆጠራል።