አስካለ ከድንጋዩ የዘለለች ቀን

ልጅ እያለሁ፣ ቦንጋ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበራቸው ጋሽ ወልዴ የሚባሉ መምህር ብቻ ነበሩ። በዚያ የኦሎምፒክ ክረምት ሳሎናቸውን ሞልተን፣ እርጥብ ሹራብ እርጥብ ሹራብ እየሸተትን ሩጫውን ስንጠብቅ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ከትልቅ ማማ ላይ ተወርውራ፣ አየር ላይ ተገለባብጣ፣ በጭንቅላቷ ቁልቁል ገንዳው ውስጥ ጠለቀች። ትልልቆቹ «ይኼ ደግሞ ምን ስፖርት ነው!» ብለው ሳቁ። ጋሽ ወልዴ ግን «ውኃው ባልተረጨ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል» ብለው አስረዱን። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ አስካለ አልሳቀችም። ክርኔን ጨምድዳ ይዛ ነበር።

በነጋታው ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወረድን። በበጋ ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚታየው ውኃ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይጋፋል። አስካለ ሳፋዋን አስቀመጠችና ከወንዙ በላይ ወዳለው ድንጋይ ወጣች።

«ዳኛዋ አንቺ ነሽ!» አለችኝ።

«ውረጂ አስካለ! ውስጡ አይታይም።»

«በበጋ ስንቴ ዘልዬበታለሁ!»

እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ተወረወረች። ውኃው እምብዛም አልተረጨም። ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ፤ አልወጣችም። ስሟን ጠራሁ። የወንዙ ድምፅ ብቻ። ሰው እንዳልጠራ ቤቶቹ ሩቅ ናቸው። ድንገት ከወደ ታች፣ ጎርፍ ካመጣው ግንድ አጠገብ ሹሩባዋ ብቅ ብሎ ጠለቀ። ቀሚሷን ቅርንጫፉ ይዞታል። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ውኃው ደረቴ ደርሷል። በአንድ እጄ የዛፍ ሥር፣ በሌላው ሹሩባዋን ይዤ ባለኝ ኃይል ጎተትኩ። ቀሚሱ ተተርትሮ ተቀደደ፤ ተያይዘን ጭቃው ላይ ወደቅን።

ውኃ አስመለሳት። ከግንባሯ ደም ይወርዳል። ዓይኗን እንደገለጠች «ተረጨ?» አለችኝ።

በጥፊ መታኋት። ከዚያ አቅፌያት አለቀስኩ።

አመሻሽ ላይ አስካለ ግንባሯን በሻሽ ሸፍና ቤት ስንገባ፣ እናቷ እትዬ አበበች ቀሚሱን አይተው «ምን ቀደደው?» አሉ። «እሾህ» አለች። ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ፣ እሾህ ነው» አልኩ።

ያኔ እንዲህ ነበር፤ ከሞት ተመልሰን፣ ማንም ሳያውቅብን እራታችንን በልተን ተኛን። ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ዐሥር ደቂቃ ስትዘገይ ስልክ እደውላለሁ። ሺሺንዳ ከተማ ሱቅ ከፍታ የምትኖረው አስካለ ልትጠይቀኝ ስትመጣ «ተያት እንጂ፣ ልጅ አይደለች?» ትለኛለች። የራሷን ልጆች ግን እጃቸውን ሳትይዝ ወንዝ አታሻግርም።