ለምርቃቱ አሜን ያልኩ ቀን

የሆስፒታሎች ማኅበር የጤና ፖሊሲ ኃላፊ አድርጎ የሾመኝ፣ በቃለ መጠይቁ «ባለሙያ ትንንሽ ከተሞችን ጥሎ እንዳይሄድ ምን ይደረግ?» ተብዬ አሳምሬ ስለመለስኩ ነው። ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ የተናገርኩት እኔው ራሴ ጥዬ ልሄድ ነው። ከአምቦ ወዲህ፣ ከጭልሞ ደን አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልድ ከእኔ በቀር አልነበረም። ተተኪ ገና አልተገኘም። ይህን እያወቅሁ ፈረምኩ።

በሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ «ሹመት ያዳብር!» ተባልኩ። ከዚያ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው የሰፈሩ ሽማግሌ ተነሱ። በኦሮምኛ መርቀው ሲያበቁ ወደ አማርኛ ዞሩ። «ወንበርህ ይጽና! ክፉ አይይህ! ከላይ ሆነህ ሁለት ሐኪም ላክልን!»

ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ምን ልበል? ሽማግሌ እየመረቀ «ቆይ አባቴ፣ ማኅበሩ ጥናት ያቀርባል እንጂ ሐኪም አይመድብም» ይባላል እንዴ? ከተቀመጥን በኋላ ግን ማስረዳት እችል ነበር። ጭብጨባው ጣመኝና ዝም አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የእኔ አሜን በከተማው ዘንድ ቃል ኪዳን ሆኖ ቀረ።

ከተሰበሰቡት መካከል የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ያዋለድኳት ሴት ነበረች። ሁለተኛውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። እንዲህ ያለች ሴት ምጧ ሲመጣ ቀዶ ሐኪም አጠገቧ መኖር አለበት። ልመክራት ወደ ጥግ ጠራኋት።

«የመውለጃሽ ነገር አሳስቦኛል» አልኳት።

«ኧረ ዶክተር! ምን አስጨነቀዎት? ይልኩልን የለ!» ብላ ሳቀች።

«እግዜር ያውቃል» ብዬ አለፍኩት። እግዜር ብቻ ሳይሆን እኔም አውቅ ነበር።

አዲሱን ቢሮ ገና ሳልለምደው አዋላጇ ነርስ ደወለችልኝ። ሴትዮዋ ምጧ መጥቶ ሆስፒታል ስትደርስ ቀዶ ሐኪም የለም። በአምቡላንስ ወደ አምቦ ሲወስዷት የማኅፀኗ የቀድሞ ስፌት መንገድ ላይ ተከፈተ። እሷን አተረፏት። ልጁ አልተረፈም።

አምቦ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ሆና ልትነሳልኝ ስትሞክር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«ሥራው እንዴት ይዞዎታል?» አለችኝ። እኔን ትጠይቀኛለች! ቀጥላም «የሚልኳቸው ሐኪሞች መቼ ይመጣሉ? ለሌሎቹ እንኳ ይድረሱላቸው» አለች።

«አይመጡም» አልኳት። «እኔ መላክ አልችልም። ያን ቀንም አልችልም ነበር።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በወደድኩ።

«እህቴ እኮ እዚሁ አምቦ ናት» አለች። «ቢነግሩኝ ኖሮ እሷ ቤት እከርም ነበር።»